ሳህኑና በሩ፦ ጆን ፎርድ በ23 ዓመቱ

አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጆን ፎርድ የመጀመሪያውን ረጅም ፊልሙን ሲሠራ 23 ዓመቱ ነበር። ዘመኑ 1917 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ሰውዬው ያኔ ገና ጆን አልተባለም፤ ጃክ ፎርድ ነበር የሚሉት። ፊልሙ «ስትሬይት ሹቲንግ» ይባላል። ድምፅ የለውም። ርዝመቱም አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ፎርድ ከመቶ በላይ ፊልም ሠርቷል። በዳይሬክተርነት አራት ኦስካር ወስዷል፤ እስከ ዛሬ የበለጠው የለም። እኔ ግን ፎርድን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የማሳየው ይህን የወጣትነት ሥራውን ነው።

ምክንያቴ ቀላል ነው። በኋላ ትልቅ ያሰኘው ነገር ሁሉ እዚህ ውስጥ ጥሬውን አለ። ፎርድ ሐዘንን በእንባ አያሳይም። አንድ ዕቃ ላይ ያስቀምጠዋል። የሰው አቋቋም ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ካሜራውን ሳይነቀንቅ ይጠብቃል። ይህን የተማረው ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ነው። ድምፅ ከመጣ በኋላም አልተወውም።

ብዙዎቻችን ካውቦይ ፊልም የለመድነው በቪዲዮ ቤት ነው። ጨለማ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ እና አንድ የማይሻር ሕግ፦ አክተሩ አይሞትም። አክተሩ ሲገባ ደግሞ ማንም አይስተውም። ልብሱ ይናገራል፣ ሙዚቃው ይናገራል። የዚህ ፊልም አክተር አገባብ ግን ለየት ይላል። ዛፍ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሻየን ሃሪ የሚባል ወንጀለኛ እንደሚፈለግና ለያዘውም ሽልማት እንዳለ ይናገራል። ቀጥሎ ከዚያው ዛፍ ሆድ ውስጥ አንድ ሰው ይወጣል። ግንዱ ቡርቡር ነው። የሚወጣው ሰው ራሱ ሻየን ሃሪ ነው። በቃ፣ አክተራችን ተዋወቀን። የሚፈለግ ሰው ነው፣ ዛፍ ውስጥ የሚያድር ሰው ነው፣ ስለ ራሱ የተጻፈውን ቆሞ የሚያነብ ሰው ነው።

ሃሪን የሚጫወተው ሃሪ ኬሪ ነው። ያኔ 39 ዓመቱ ነበር። ተወልዶ ያደገው ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ብሮንክስ ነው፤ አባቱ ዳኛ ነበሩ። በዚያ ዘመን የካውቦይ ፊልም ሁለት ትልልቅ ኮከቦች ነበሩት። ዊልያም ሃርት ፊቱ የማይፈታ፣ ጭምት ሰው ነው። ቶም ሚክስ ደግሞ ልብሱ የሚያብለጨልጭ፣ በፈረስ ላይ ትርኢት የሚያሳይ ነው። ኬሪ ሁለቱንም አይመስልም። ሸሚዙ የተጨማደደ ነው። ሲቀመጥ ይዘረጋል፣ ሲቆም አንድ ነገር ይደገፋል። መንገድ ላይ ብታገኙት ካውቦይ ሳይሆን ሥራ ያጣ የቀን ሠራተኛ ይመስላችኋል። ፎርድና ኬሪ ከ1917 እስከ 1921 ባለው ጊዜ ሁለት ደርዘን ያህል ፊልም አብረው ሠርተዋል። የመጀመሪያው ረጅም ሥራቸው ይህ ነበር።

ታሪኩ የውሃ ጠብ ነው። አንድ ባለብዙ ከብት ሀብታም አለ። ሜዳው ሁሉ የእኔ ነው ይላል። በሜዳው መሃል ደግሞ ገበሬዎች ሰፍረዋል። ሀብታሙ ወንዙን ያጥርባቸዋል፤ ገበሬዎቹን እንዲያባርርለትም ነፍሰ ገዳይ ይቀጥራል። የሚቀጠረው ሃሪ ነው። ማለትም አክተሩ ወደ ታሪኩ የሚገባው በክፉው ወገን ደመወዝተኛ ሆኖ ነው።

ይህ ጠብ ፎርድ ከጭንቅላቱ ያወጣው አይደለም። አሜሪካ በ1862 ያወጣችው የሰፋሪዎች አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ 160 ኤከር መሬት ይሰጥ ነበር፣ አምስት ዓመት ኖሮበት ካረሰው። በእኛ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ ነው። ከብት አርቢዎቹ ግን ያንን ሜዳ ቀድመው ለግጦሽ ይዘውት ነበር። በ1874 ጆሴፍ ግሊደን የሚባል የኢሊኖይ ገበሬ የሽቦ እሾሁን አሻሽሎ የፈጠራ መብት አወጣበት። ከዚያ ወዲያ አጥር ርካሽ ሆነ፤ ጠቡም ባሰ። በ1892 ዋዮሚንግ ውስጥ፣ ጆንሰን አውራጃ የሚባል ቦታ፣ ትልልቅ ከብት አርቢዎች ከቴክሳስ ድረስ ታጣቂ ቀጥረው በትናንሾቹ ላይ አዘመቱ። ሰዎችም ገደሉ። በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ ተነሥቶ ታጣቂዎቹን አንድ እርሻ ውስጥ ከበባቸው። ያዳናቸው የፌዴራል ፈረሰኛ ጦር ነው። ፊልሙ ሲሠራ ይህ ሁሉ ከሆነ 25 ዓመት ነው። ሲኒማ ቤት ቁጭ ብለው ካዩት ሰዎች ብዙዎቹ ወሬውን በጋዜጣ ያነበቡ ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከብት አርቢውም ገበሬውም የሚጣሉበት መሬት አስቀድሞ የሌላ ሕዝብ መሬት ነበር። ፊልሙ ስለ ነባሮቹ የአሜሪካ ሕዝቦች አንዲት ቃል አይተነፍስም። ፎርድ በኋላ በሠራቸው ፊልሞች ነባሮቹን ለረጅም ጊዜ ከኮረብታ ላይ የሚወርድ አደጋ አድርጎ ነው ያሳያቸው። ስወደው ይህንን ሳልረሳ ነው የምወደው።

አሁን ወደ ሳህኑ ልምጣ።

ከገበሬዎቹ አንዱ ሲምስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ሴት ልጅ አሏቸው። ወንዱ ቴድ ይባላል፣ ሴቷ ጆዋን። ቴድ ውሃ ሊቀዳ ወደ ታጠረው ወንዝ ይወርዳል። እዚያው ይገደላል። የገደለው ፕሌሰር ፍሬሞንት የሚባል ሌላ ቅጥረኛ ነው፤ የሃሪ የመጠጥ ጓደኛ። ይህ ሁሉ በፍጥነት ያልፋል። ፎርድ ግድያው ላይ አይቆይም። የሚቆየው ከግድያው በኋላ ነው።

ጆዋን ቤት ውስጥ ናት። የወንድሟን ሳህን ትይዛለች። ቤቱ ውስጥ ገበታ ላይ ከሚቀርቡት ሳህኖች አንዱ ነው፤ ከሌላው የሚለየው ነገር የለም። ዛሬ ግን የሚበላበት ሰው የለም። ልጅቷ ሳህኑን ታቅፈዋለች፣ ትዳስሰዋለች። በቃ ይኸው ነው። ፊቷን ሸፍና አትጮህም። ደረቷን አትመታም። የሚያስረዳ ጽሑፍም አይመጣም። ሳህን የያዘች ልጅ ብቻ ናት። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።

ይህ ለምን ይሠራል? በዚያ ዘመን ተዋናይ ሐዘን ሲያሳይ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን አንከባልሎ ነበር። ድምፅ ስለሌለ በአካል መጮህ ነበረበት። የ1910ዎቹን ፊልም ዛሬ ስናይ ብዙ ጊዜ ከውስጡ የሚያስወጣን ያ ነው። ፎርድ ያንን ጩኸት ቀነሰው። ለልጅቷ እጇ ላይ የምትይዘው ነገር ሰጣት። ተዋናይ እጁ ላይ ዕቃ ካለ ፊቱ ይረጋል፣ ማስመሰል አያስፈልገውም። ተመልካቹም ዕቃውን ያውቀዋል፤ ሳህን ቤቱ አለው። የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። በባህላዊ ለቅሶ የሟች ልብስ፣ የሟች ጠመንጃ፣ የሟች ፎቶ ይወጣል። አልቃሿ ያንን ዕቃ ከፍ አድርጋ ይዛ ነው ሙሾ የምታወርደው። ሰውም አንጀቱ የሚላወሰው ጋቢውን ሲያይ ነው፣ ጠመንጃውን ባዶውን ሲያይ ነው። የሞተውን ሰው ማንም በቃል መግለጽ አይችልም። ጋቢው ግን የትከሻውን ቅርጽ ይዟል። ፎርድ ከአየርላንድ ስደተኞች የተወለደ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከጎልዌይ ወደ አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ የመጡ ናቸው። አይሪሾችም የለቅሶ ሕዝብ ናቸው፤ ሬሳ አስቀምጠው የሚያድሩ፣ የሚያለቅሱ፣ የሚጠጡ። ሐዘን እንዴት እንደሚያዝ ያወቀው ከቤቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሃሪ የሚለወጠው እዚህ ጋ ነው። መቃብሩ ጋ ይደርሳል። አባትየውና ልጅቷ የቴድን ሬሳ ሲቀብሩ ያያል። ሊያባርራቸው የተቀጠረው እነዚህን ሰዎች ነው። ያያቸዋል። ዓይኑን ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ ወገኑን ይቀይራል። ከታሪክ አወራረድ አንጻር ይህ በጣም ፈጣን ነው፤ ሰው በአንድ መቃብር እንዲህ ይለወጣል ወይ ብሎ የሚከራከር ይኖራል። እኔ ግን አምኜዋለሁ፣ ምክንያቱም ኬሪ ሲለወጥ ምንም አያደርግም። ዝም ብሎ ነው የሚቆመው። በኋላ በፎርድ ፊልሞች ውስጥ መቃብር ትልቅ ቦታ ሆነ። በ1939 ወጣቱ ሊንከን የሴት ጓደኛው መቃብር ጋ ሄዶ ያወራታል። በ1946 ሕግ አስከባሪው ዋያት ኧርፕ የታናሽ ወንድሙን መቃብር ያነጋግራል። በ1949 ሽማግሌው መኮንን ወንበሩን ይዞ ሚስቱ መቃብር አጠገብ ይቀመጣል። የዚያ ሁሉ መነሻ ይህ የ1917ቱ አፈር ነው።

ስለ በሩ ደግሞ ላውራ። የሲምስ ቤት አንድ ክፍል የእንጨት ጎጆ ነው። ፎርድ ካሜራውን ውስጥ ያስቀምጥና በበሩ በኩል ወደ ውጭ ያያል። ውስጡ ጨለማ ነው። ውጭው ፀሐይ ነው። የበሩ መቃን በጥቁር ያጥረዋል። በዚያ መሃል ሰው ይቆማል። ሃሪ በዚያ በር ሲቆም ገና ሳይናገር ታሪኩ ተነግሯል። ውስጥ ቤተሰብ አለ፣ ገበታ አለ፣ ሐዘን አለ። ውጭ ፈረሱና መንገዱ አሉ። ሰውዬው ደፉ ላይ ነው። ይግባ ወይስ ይሂድ?

በ1956 ፎርድ «ሰርቸርስ» የሚባለውን ፊልም አወጣ። ብዙ ሰው የእሱ ምርጥ ነው የሚለው ይህንን ነው። የመጨረሻውን ምስል ያየ ሰው አይረሳውም። ካሜራው ጨለማ ቤት ውስጥ ነው። በሩ ክፍት ነው። ሁሉም ይገባሉ። ዋናው ተዋናይ ጆን ዌይን ብቻ ውጭ ይቀራል። በግራ እጁ የቀኝ ክንዱን ክርኑ ላይ ይይዛል። ከዚያ ዞሮ ይሄዳል፣ በሩም ይዘጋል። ያ ክርን አያያዝ የሃሪ ኬሪ ነበር። ኬሪ በፊልሞቹ ውስጥ እንዲህ ነበር የሚቆመው። በ1947 ሞቷል። ሚስቱ ኦሊቭ ኬሪ ግን በ«ሰርቸርስ» ውስጥ ትጫወታለች፤ የመጨረሻው ምስል ሲቀረጽም እዚያው ነበረች። ዌይን በኋላ እንደተናገረው ያንን ያደረገው ለኬሪ መታሰቢያ ነው፤ ኦሊቭም እያየችው ነበር። ስለዚህ 1956 ላይ የምናየው ክርን 1917 ላይ የምናየው ክርን ነው። 39 ዓመት ሙሉ ፎርድ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር።

ፎርድ ለኬሪ ሌላም ነገር አድርጓል። ኬሪ በሞተ በዓመቱ «ስሪ ጎድፋዘርስ»ን ሠራ። ለእሱ መታሰቢያ አደረገው፤ የኬሪን ልጅ ሃሪ ኬሪ ጁኒየርንም ከዋናዎቹ ሦስት ተዋንያን አንዱ አድርጎ ወሰደው። ፎርድ ሥራ ላይ ክፉ ሰው ነበር፣ ተዋናይ የሚያስለቅስ። የሞተ ወዳጁን ግን አይረሳም።

ፍልሚያው። ይህንን ለመዝለል ፈልጌ ነበር፤ ምክንያቱም የካውቦይ ፊልም ፍልሚያ ሁላችንም አይተናል። ግን ይህኛው የተለየ ነገር አለው። ሃሪና ፕሌሰር ከተማው መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ሰው ሁሉ ይሸሻል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል። ሁለቱ ጠመንጃ ይዘዋል። ቀስ እያሉ፣ ግድግዳ እየታከኩ ይሄዳሉ። በድንገት ካሜራው ይጠጋል፤ ፊት ብቻ ይሞላዋል፣ ዓይን ብቻ። የሃሪ ዓይን አይነቃነቅም። የፕሌሰር ዓይን ግን ሲፈራ ታዩታላችሁ። ገና ጥይት ሳይተኮስ ማን እንደሚሞት አውቀናል። የጣሊያን ካውቦይ ፊልም ሠሪዎች በ1960ዎቹ ዓይንና ላብ በቅርብ እያሳዩ የዓለምን ቪዲዮ ቤት የሞሉበት ዘዴ እዚህ አለ፣ ከግማሽ ምዕት ዓመት ቀድሞ። ፎርድ ራሱ በኋላ ያንን ዘዴ እያራቀው ሄደ። ካረጀ ወዲህ ካሜራ ወደ ፊት ማስጠጋትን እንደ ቅመም ነበር የሚቆጥበው።

ፍልሚያው ካለቀ በኋላ ትልቁ ጦርነት ይመጣል። ከብት አርቢው ሰዎቹን ሰብስቦ የሲምስን ቤት ይከባል። ገበሬዎቹ ከውስጥ ይተኩሳሉ። ሃሪ ደግሞ የድሮ የሽፍታ ጓደኞቹን ሊጠራ ይጋልባል። ፈረሰኞቹ እንደ ደራሽ ውሃ ይመጣሉ። ግልጹን ልናገር፣ ይህ ክፍል ደካማ ነው። ማን የቱ ወገን እንደሆነ ይምታታል፤ ጭሱና አቧራው ይበዛል። እዚህ ጋ ፎርድ ገና የዳይሬክተሩ የዴቪድ ግሪፊዝ ተማሪ ነው። ራሱ እንደሚለው ግሪፊዝ በ1915 ባወጣው «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» ላይ በጭምብል ፈረስ ከጋለቡት አንዱ ነበር። ያ ፊልም ዘረኞችን ጀግና ያደረገ አሳፋሪ ሥራ ነው። ግን ከበባን ከደራሽ ጦር ጋር እያፈራረቁ ልብ ማንጠልጠልን የዘመኑ ልጆች ሁሉ የተማሩት ከእሱ ነው። ፎርድም ቀዳው። ቅጂው ያስታውቃል።

ከዚያ ክፍል የሚቀረኝ አንድ ምስል ብቻ ነው። ከሎስ አንጀለስ በስተሰሜን፣ ኒውሆል አካባቢ፣ ቢልስ ከት የሚባል ቦታ አለ። ኮረብታው ለሁለት ተቆርጦ በመሃሉ ጠባብ መንገድ ተሠርቶበታል። ጥልቀቱ 27 ሜትር ገደማ ነበር። ፎርድ ፈረሰኞቹን በዚያ ስንጥቅ ያሳልፋቸዋል። ካሜራው ሩቅ ነው። ገደሉ ግዙፍ፣ ሰዎቹ ጉንዳን። ያንን ቦታ ከወደደው በኋላ በ1924 በ«ዘ አይረን ሆርስ»፣ በ1939 ደግሞ በ«ስቴጅኮች» ተመልሶበታል። ፎርድ ቦታ ሲወድ እንዲህ ነው፤ ኋላ ሞኑመንት ቫሊ የሚባለውን የቀይ ዓለት በረሃም ያደረገው ይህንኑ ነው።

እንዴት እንደተሠራ የሚነገረው ወሬም ጥሩ ነው፤ የነገረን ፎርድ ራሱ ስለሆነ በጥንቃቄ ልቀበለው። ዩኒቨርሳል ኩባንያ ያዘዘው አጭር ፊልም ነበር፣ የሃያ ደቂቃ ያህል። ፎርድ ግን አምስት ጥቅል የሚሞላ ሠራ። ተጨማሪ ጥሬ ፊልም ለማግኘት ያለው ወንዝ ውስጥ ወደቀብን ብሎ ነበር ይላል። ኃላፊዎቹ ተቆጡ፤ ይቆረጥ አሉ። ያዳነው የኩባንያው ባለቤት ካርል ሌምሊ ነው። ሱፍ አሰፍቼ ልብስ ሰፊው አንድ ትርፍ ሱሪ በነፃ ቢጨምርልኝ ፊቱ ላይ ልወረውርለት ነው ወይ? አለ ይባላል። ፎርድ ሙያውን ያገኘው በዚያ ትርፍ ሱሪ ነው ማለት ነው።

ሥራ ቦታውም ደስ ይላል። ድምፅ ስለማይቀረጽ ዳይሬክተሩ ቀረጻ ላይ እያወራ ማሠራት ይችላል። ሙዚቀኛም ይቀጠራል፣ ተዋንያኑ ስሜት ውስጥ እንዲገቡ። ፎርድ በ1924 አካባቢ ዳኒ ቦርዜጅ የሚባል አኮርዲዮን ተጫዋች ወሰደ። ድምፅ መጥቶ ሙዚቀኛ ቀረጻ ላይ ማስፈለጉ ከቀረ በኋላም አላሰናበተውም። ለአሥርት ዓመታት በየቀረጻው አብሮት ነበር፤ በየዕረፍቱ የድሮ መዝሙርና የድሮ ዘፈን ይጫወታል። ፎርድ እስከ መጨረሻው በልቡ የድምፅ አልባ ዘመን ሰው ነበር የምለው ለዚህ ነው። ስክሪፕት ሲሰጡት ንግግር ይቆርጥ ነበር። በዓይን መናገር ከተቻለ አፍ ለምን?

ይህን ፊልም ዛሬ ማየታችን ራሱ ትልቅ ዕድል ነው። ያኔ የነበረው ጥሬ ፊልም በቀላሉ የሚቃጠል፣ ካልተቃጠለም ቀስ በቀስ የሚበሰብስ ነበር። ኩባንያዎቹም ድምፅ ከመጣ በኋላ አሮጌው ፊልም አይሸጥም ብለው ተዉት። ዩኒቨርሳል በ1948 የቀሩትን ድምፅ አልባ ፊልሞቹን አውቆ አስወገዳቸው። በ2013 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ከ1912 እስከ 1929 አሜሪካ ከሠራቻቸው 11 ሺህ ገደማ ረጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች ውስጥ በመጀመሪያ ይዘታቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። የፎርድም ከ60 በላይ ድምፅ አልባ ሥራዎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል።

«ስትሬይት ሹቲንግ» የተረፈው ፕራግ ስለነበረ ነው። በ1960ዎቹ ቼኮዝሎቫኪያ የፊልም ቤተ መዛግብት ውስጥ አንድ ቅጂ ተገኘ። ሆሊውድ ውስጥ ያልተገኘው ማለት ነው። ቅጂዎች በዓለም ዙሪያ ሲኒማ ቤቶች ይዞሩና መጨረሻ የደረሱበት አገር ይቀሩ ነበር፤ መመለሻው ከፊልሙ ዋጋ ይበልጣል። ሌሎቹም እንዲሁ ነው የተገኙት። የፎርድና የኬሪ «በኪንግ ብሮድዌይ» በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይ ተገኘ። በ1927 የሠራው «አፕስትሪም» በ2009 ኒው ዚላንድ ተገኘ። አንድ ጠንቃቃ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ቆርቆሮውን አልጣለም፤ በዚያ ምክንያት እኔ ዛሬ ጆዋን ሳህን ይዛ አየኋት። የእኛንም አሮጌ ፊልሞች ሳስብ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። በየመጋዘኑ፣ በየግለሰቡ ቤት ያለው ጥቅል ማን እየጠበቀው ነው?

ለፊልም ሠሪዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። በፊልሞቻችንና በተከታታይ ድራማዎቻችን ሞት ሲመጣ ሙዚቃው ቀድሞ ይደርሳል። ማሲንቆ ወይም ፒያኖ ይነሣል፣ ካሜራው ወደ ሚያለቅስ ፊት ይጠጋል፣ ለቅሶው አያልቅም። ተዋንያኑ ጎበዞች ናቸው፤ አለቃቀስ ያውቃሉ። ግን እኛ ለማዘን ቦታ አይተዉልንም። ሙሾ ያለው፣ ጋቢ ይዞ የሚያለቅስ ሕዝብ ለዚህ ከማንም የቀረበ ነው። አንድ ስኒ በቂ ነው። ከረከቦቱ ላይ አንድ ስኒ ስታነሣ የምትታይ እናት፣ ያለ ሙዚቃ፣ ካሜራው ሳይነቃነቅ። ሞክሩት። የአሥር ደቂቃ ለቅሶ የማያደርገውን ታደርጋለች።

የፊልሙ መጨረሻ ግን ከፎርድ ጋር ያጣላኛል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሃሪ ይቅር ወይስ ይሂድ የሚለው ይመጣል። ሽማግሌው እንደ ልጄ ሁን ይሉታል። ሃሪ ደግሞ እኔና ግብርና ምን አገናኘን ብሎ ያቅማማል። በቀረልን ቅጂ ላይ መጨረሻቸው ከጆዋን ጋር አብረው ነው። አላመንኩትም። ያ ሰው ዛፍ ውስጥ የሚያድር ሰው ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት የወንድሟ ገዳይ የመጠጥ ጓደኛ ነበር። ጆዋንም ሳህኑን ገና አልረሳችም። እኔ ብሆን በፈረሱ እሸኘው ነበር፣ አመስግኜ። ፎርድም ሲበስል ያደረገው ይህንን ነው። በ1946 ዋያት ኧርፕን ከልጅቷ አሰናብቶ ልኮታል፤ በ1956 ደግሞ ጆን ዌይንን ውጭ ትቶታል። በ23 ዓመቱ ግን ሰው ቤት ይግባለት ነበር የሚፈልገው። የታደሰው ቅጂ በዲስክ ወጥቷል፤ ካገኛችሁት እዩትና ሃሪ መቅረት ነበረበት የምትሉ ከሆነ ምክንያታችሁን ጻፉልኝ።